ጋሽ ተሰማ፣ ጥሩምባቸውና ከሥዕሉ ግርጌ ያሉት ሴት

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ተሰማ በተኙበት አርፈዋል። ዜናውን አርፍዳችሁ የሰማችሁ ቅር አይበላችሁ። በመካነ ሰላም የሰው ሞት የሚሰማው በእሳቸው ጥሩምባ ስለነበር፣ የእሳቸውን ሞት የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ነው። ጎህ ሲቀድ መነፋት የነበረበት ጥሩምባ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ተነፋ። የነፉት የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። ትንፋሻቸው አጠረና ድምፁ ጥጃዋ የጠፋባት ላም መሰለ። መናኸሪያ አካባቢ የነበረው ሰው የደሴው አውቶቡስ ክላክስ ቀየረ ብሎ ዕቃውን አንጠልጥሎ ሮጠ። «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በቀብሩም ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ እንደ ልማዳቸው «የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ይቅረብ» አሉ። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ዞርን። የከተማችንን ሟቾች ታሪካቸውን ጽፈውና አንብበው የሚሸኙት ጋሽ ተሰማ ስለነበሩ፣ ተነስተው መነጽራቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡ መስሎን ነበር። ማንም አልቀረበም። ቄሱ ትንሽ ጠብቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ።

ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ሳይነበብ የቀረው ነው። ለአርባቸው በወረቀት ተባዝቶ እንዲታደል የጻፍኩት እኔ ብርቄ ነኝ፤ በአያ ሰይድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራዋ። ብዙዎቻችሁ ፊቴን እንጂ ድምፄን አታውቁትም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። የጽሑፍ አማርኛ የተማርኩት ጋሽ ተሰማ የሟቾችን ታሪክ እየነገሩኝ ስጽፍ ነው። ቃሉ ካማረ የሳቸው ነው፤ ካላማረ ደግሞ አጠገቤ ስላልነበሩ ነው።

ጋሽ ተሰማ የተወለዱት ከከተማው ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ዓመቱን እንዳልጽፍ እሳቸው ራሳቸው ከልክለውኛል። «ዕድሜዬን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። እሷም አንድ ጊዜ በአንበጣው ዘመን፣ ሌላ ጊዜ ከአንበጣው በኋላ ትለኝ ነበር። አንበጣውን ጠይቂ» ይሉ ነበር። በጎልማሳነታቸው ገበያ ላይ ለፋፊ ነበሩ። የጠፋ በቅሎ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ሁሉም የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነበር። በዚህ ምክንያት የአገሩ ሰው በአደባባይ ያደረገውን ሁሉ፣ አድራጊው እንኳ ከረሳው በኋላ፣ እሳቸው አይረሱትም።

ታሪክ ሊያስጽፉ ሲመጡ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይገቡና ጥሩምባውን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ያስቀምጡታል።

«አንሳልኝ» ይላሉ የሱቁ ባለቤት አያ ሰይድ። «ማሽኑ ይሞቃል፤ ሳይታዘዝ ይነፋብኛል።»

«ከነፋ የሞትከው አንተ ነህ ማለት ነው» ይላሉ ጋሽ ተሰማ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

የሟች ቤተሰቦች ይዘውት የሚመጡት ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሟች ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ይላል። ጋሽ ተሰማ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ብርቄ፣ እስከ ዛሬ የቀበርነው በሙሉ ሰው አክባሪ ነው። ታዲያ ገበያ ላይ የሚሰዳደበው ማን ነው? ከሌላ አገር የሚመጣ ነው?»

እሳቸው የሚፈልጉት ያ ሰው ብቻ ያደረገውን፣ ሌላ ሰው ያላደረገውን ነገር ነበር። ለዚህም አንድ ሕግ ነበራቸው። «በር ተዘግቶ የተደረገ የቤቱ ነው። በር ተከፍቶ የተደረገ የአገር ነው» ይሉ ነበር። ከተዘጋ በር ኋላ የሆነን ነገር ገንዘብ ቢሰጧቸው አይጽፉም። አደባባይ ላይ የሆነን ግን ማንም ለምኖ አያስቀራቸውም ነበር፤ እስከ አቶ ጓንጉል ቀብር ድረስ።

አቶ ጓንጉልን የማታውቋቸው ካላችሁ፣ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ኮስታራ፣ ቁመናቸው የሚያስፈራ። በአንድ ወቅት ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ተወዳድረው ነበር። ምርጫው የተደረገው ሜዳ ላይ፣ እጅ በማውጣት ነው። ስማቸው ሲጠራ አንድ እጅ ብቻ ወጣ። እጁም የራሳቸው ነበር። ባለቤታቸው እማማ በላይነሽ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ነጠላቸውን ነው ያስተካከሉት። ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነውና ከጋሽ ተሰማ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ጋሽ ተሰማ ግን መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

አገር ሳቀ። አንዲት አልቃሽ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጥቶባት ትን አላት። የአቶ ጓንጉል ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። «አባታችንን አዋረዱት» አሏቸው። ጋሽ ተሰማም «ሜዳ ላይ የወጣ እጅ ነው። እኔ አላነሳሁትም» ብለው መለሱና ወረቀታቸውን አጣጠፉ።

እማማ በላይነሽ ግን ከሰልስቱ በኋላ ወደ ሱቁ መጡ። አልተቆጡም። በሩ አጠገብ ቆመው፣ «ተሰማ፣ እኔም ስቄያለሁ። እውነት ነው፣ እኔም አልመረጥኩትም» አሉ። «ግን የልጅ ልጄን መቅደስን ትምህርት ቤት ‹አንድ እጅ› እያሉ ይጠሯታል። አልሄድም ብላ ተኝታለች። እጁን ያወጣው ጓንጉል ነው፤ እሷ ምን አደረገች?»

ጋሽ ተሰማ ከወንበራቸው ተነሱ። ጥሩምባቸውን አንስተው ሊወጡ ብለው መልሰው አስቀመጡት። እማማ በላይነሽ ከሄዱ በኋላ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «በሩ ክፍት ነው ብዬ ገባሁ። ውስጥ ልጅ መተኛቷን አላየሁም» አሉ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹ ሲለቀቁ ጥሩምባውን አንዴ ነፉና ሰበሰቧቸው። «አንድ እጅ ምን ያስቃል? ይህማ ምንም አይደል። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ» አሉና ከሁሉ በላይ የሚያፍሩበትን ነገር ዘርዝረው አወሩላቸው።

ነገሩ ከዚያ በፊት የሆነ ነው፤ እንዲህ ነበር። የአያ ሰይድን ዕቃ የጫነ አይሱዙ ደጎሎ አጠገብ ተገለበጠ። አያ ሰይድም ከመኪናው ውስጥ ነበሩ የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ ተሰማ ሳያጣሩ ወጥተው ነፉ። የኛ ዕድር የክርስቲያንም የሙስሊምም ስለሆነ ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ። አያ ሰይድ ግን ደጎሎ ገበያ ላይ የበግ ዋጋ ሲከራከሩ መኪናው ጥሏቸው ሄዶ ነበር። በሚኒባስ መጡ። በደጃቸው ድንኳን ሲያዩ፣ ደግ የዕድር አባል ናቸውና፣ ኮታቸውን አውልቀው አግዳሚ መሸከም ጀመሩ። ሁለተኛውን አግዳሚ ሲያስቀምጡ ጋሽ ተሰማን በሹክሹክታ «ማን ሞተ?» አሏቸው።

«አንተ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

አያ ሰይድ ትንሽ አሰቡና «ወላሂ አልሰማሁም» አሉ።

በዚያ ቀን አያ ሰይድ ለድንኳኑ የተዘጋጀውን የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ተቀብለው አነበቡት። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ እስክስታ ይወርዱ እንደነበር፣ ትከሻቸውም እስከ ኩታበር የታወቀ እንደነበር ይላል። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ተሰማ፣ ይህን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ሚስቴ ግን አታውቀውም» አሉ። ይህን ዛሬ የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ከመፍቀዳቸው በፊት ለባለቤታቸው ነገሯቸው፤ ባለቤታቸውም «እኔ ያገባሁህ ምን አይቼ መሰለህ?» አሏቸው።

ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ መቅደስን ረሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ተሰማ በመንገድ ሲያልፉ ከየአጥሩ «ጋሽ ተሰማ፣ ማን ሞተ?» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። እሳቸውም ሳይዞሩ «እስካሁን ማንም» ይላሉ። «አንተ ግን አፍንጫህን ካልጠረግህ እንጃልህ።» የሕፃኗን ቅጽል ስም ከላይዋ አንስተው እንደ ጋቢ ራሳቸው ለበሱት። ያያችሁ ሁሉ የሳቃችሁበት ነገር የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕጋቸው ረዘመ። ገበያ የሚያውቀውንም ቢሆን ከማንበባቸው በፊት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳሉ። «ይህን ሲሰማ የሚጎዳ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እንቢ ካሏቸው ይተዉታል። ሌላ ነገር ጨምር ካሏቸው ግን አይሆንም። «ዝም በል ካላችሁኝ ዝም እላለሁ። ዋሽ ካላችሁኝ ሌላ ጥሩምባ ነፊ ፈልጉ» ይሉ ነበር።

ያለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ መሀል ድንገት «ብርቄ፣ የኔን የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሉኝ። የኮምፒውተሩን ፊደሎች ማየት ጀመርኩ።

«ከሚካኤል ሥዕል ግርጌ ያለችውን ሴት አይተሻታል?»

ያላየ የለም። በደብራችን በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ። ከግርጌው ሥዕሉን ያሳሉት ሰዎች፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ወንድና ሴት ሆነው ተስለዋል። ወንዱ ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ጥሩምባው ወገባቸው ላይ ስላለ አይሳትም።

«እትዬ የሺ ናቸው» አልኩ። አገር ሁሉ የሚያውቀው እንዲህ ነው።

«የሺ አይደለችም። ደብሪቱ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ሚስቴ ናት። ወረኢሉ ነው ያለችው። ስሟ ከሥሩ ተጽፏል፤ ግን የክርስትና ስሟ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ደብቄው አላውቅም፣ ሰውም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ይጻፍ?»

«እኔ ፈቅጃለሁ። ግን ታሪኩ የሦስት ሰው ነው። እኔ ስሞት ሁለቱን ጠይቂ። አንዷ እንቢ ካለች ተይው። ብቻ የሺ ናት ብለሽ እንዳትጽፊ።»

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል መልእክት ነው። እኔ ግን ሱቅ ገብቼ ሳሙና ለመጠየቅ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ነኝ። ለአርባው ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን ሌላ የሚጠይቅላቸው እንደሌለ ገባኝ። ካልጠየቅኋቸው ደግሞ ሴትዮዋን ልጽፋቸውም ልተዋቸውም አልችልም።

እትዬ የሺ ቤት ደርሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ምነው እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር ላይ የምትቆሚው? ግቢ እንጂ» አሉኝ።

ከደሴ የመጣችው ልጃቸው ሰናይት ነበረች። አያ ሰይድም ሊያጽናኑ መጥተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ተሰማ ያሉኝን በዝቅታ ድምፅ ተናገርኩ። እትዬ የሺ የግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰናይት ደግማ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ለራሷ ገባትና ተቆጣች።

«ይህ የግል ጉዳይ ነው። ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይወጣም።»

«ሰናይት ልጄ» አሉ አያ ሰይድ፣ «ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቀይና በቢጫ ቀለም የተሳለ ነገር እንዴት ነው የግል የሚሆነው? እኔ ሙስሊሙ እንኳ ሰምቼዋለሁ።»

«ግድግዳ ላይ መኖሩና በየሰው እጅ በወረቀት መታደሉ አንድ ነው?»

አያ ሰይድ ጢማቸውን ዳበሱ። «እሱስ አንድ አይደለም። የኔም ትከሻ እንዲያ ነበር» አሉ።

 ሁለቱ የአርባው ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ሊያዩ ሲወጡ እትዬ የሺ በሩን ገፋ አደረጉና ነጠላዬን ያዙኝ። ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ኋላ ራሳቸው ስላዘዙኝ ነው።

«ስሚ፣ ሴትዮዋ ብትጻፍ ግድ የለኝም» አሉ። «ደብሪቱን አውቃታለሁ። ሰናይት ክርስትና ስትነሳ ሙክት ልካልኛለች። የቸገረኝ አንገቱ ነው።»

«የምን አንገት?»

«የሥዕሉ ነዋ። አላየሽውም፣ እንደ ብርሌ የተመዘዘውን? የድሮውን የሚያውቁት ካለፉ ወዲህ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ‹የሺ፣ እንዴት ያለ አንገት ነበረሽ› ይሉኛል። መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ጆሮዬን ታውቂያለሽ። እየቆየ ‹አይ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ› አልኩ። አንዴ ካልሽ በኋላ በየት በኩል ትመለሻለሽ? እንግዲህ በባሌ አርባ አንገቴን ልትቆርጪው ነው?»

አልጽፍም አልኳቸው። እንቢ ካሉ እንድተወው ታዝዣለሁና። ግን ሁለቱንም እንድጠይቅ ደግሞ ታዝዣለሁ። ስለዚህ በማግስቱ፣ መንገድ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ወረኢሉ ሄድኩ።

እትዬ ደብሪቱን ያገኘኋቸው በግቢያቸው፣ በሚያደልቧቸው በጎች መሀል ነው። የጋሽ ተሰማን ታሪክ ልጽፍ ከመካነ ሰላም መምጣቴን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ሞታቸውን ሰምተው ነበር።

«ለተሰማ ማን ነፋለት?» ብለው ጠየቁኝ።

«የዕድሩ ጸሐፊ።»

«እህ። ምን ይመስላል ታዲያ?»

«እንደ ላም።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንዱ ሙክት ነጠላውን ሊበላ ሲል በክርናቸው ገፉት።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ ነበር የሚለማመደው። ሰው በሞተ ቁጥር ከሟቹ ቤተሰብ ቀድሜ የምደነግጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ‹ወይ እኔን ወይ ጥሩምባውን ምረጥ› አልኩት። ቶሎ ብሎ ‹አንቺን› ቢል ኖሮ እተወው ነበር። አሰበ። እኔን ያስቀየመኝ ማሰቡ ነው።»

ሥዕሉ የስለት ነበር። የእትዬ ደብሪቱ ወንድም ከውትድርና በደኅና ከተመለሰ ብለው ባልና ሚስቱ የተሳሉት ነው። ወንድማቸው ተመለሰ፤ ሠዓሊው ግን ዘገምተኛ ስለነበር ሥዕሉን ጨርሶ ሲጠራቸው እነሱ ተፋትተው ነበር። ሽማግሌዎች «ሴቲቱ ትጥፋና ግድግዳው ይለሰን» አሉ። ጋሽ ተሰማ እንቢ አሉ። «ሚካኤል ወንድሟን ሲመልስ ተፋተዋል ብሎ መንገድ ላይ ትቶታል?» ብለው ተከራከሩ።

«ስለዚህ ቀረሁ፣ እዚያው ግድግዳው ላይ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ልትጠይቂኝ የመጣሽው ይህን መሰለኝ። ጻፊው፤ አላፍርበትም። ብቻ አንድ ነገር አስተካክይልኝ፤ ያ አንገት የኔ አይደለም።»

ደነገጥኩ። ስለ አንገት ትንፍሽ አላልኩም ነበር፤ የእትዬ የሺ በር የተዘጋ በር ነው።

«የኔ ይኸው፣ እዪው» አሉና ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። አገጫቸውና ትከሻቸው ጎረቤት ናቸው። «ልጅ ሆኜም ይኸው ነው። ሠዓሊው የሚችለው አንድ አንገት ብቻ ነበር። ስትመለሺ ቀና ብለሽ እዪ፤ ተሰማንም በዚያው አንገት ነው የሳለው። ከሚካኤል እግር ሥር የተረገጠው ሰይጣንም አንገቱ ያው ነው።»

ስመለስ ወደ ቤቴ ሳልሄድ ወደ ደብሩ ሄጄ አየሁ። እንዳሉት ነው። ጋሽ ተሰማም፣ ሰይጣኑም፣ ሴትዮዋም አንገታቸው የተመዘዘ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተሳለምኩት ግድግዳ ነው፤ ከሴትዮዋ በቀር የማንንም አንገት አይቼ አላውቅም።

እትዬ የሺ ዘንድ ሄጄ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። 

«ሰይጣኑም?»

«ሰይጣኑም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የማን አንገት ነው ያስመሰገነኝ?» አሉና መሳቅ ጀመሩ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሰናይት ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። «ጻፊው» አሉኝ ሲረጋጉ። «የአንገቱንም ጻፊ። ተሰማ የሰው ታሪክ ሲያነብ ኖሮ የራሱ ቤት ሲደረስ በር ቢዘጋበት ያፍርብኛል። ግን ይህን ጨምሪ፦ እኔ ወይ እኔን ወይ ጥሩምባውን ብዬው አላውቅም። በደኅናው ጆሮዬ ተኝቼ ነው የኖርኩት።»

ስለዚህ ተጽፏል። ከሥዕሉ ግርጌ ያሉት ሴት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፤ የጋሽ ተሰማ የመጀመሪያ ባለቤት። ልጃቸውን ወልደው፣ እስከ መጨረሻው አብረዋቸው የኖሩት ደግሞ ወይዘሮ የሺ ናቸው። አንገቱ የሠዓሊው ነው።

ሰናይት ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። ምንም አውጪ አላለችኝም። «ቢያንስ አንድ ቦታ ‹ሰው አክባሪ› የሚለውን አስገቢልኝ» ብቻ አለች። እነሆ አስገብቻለሁ፦ ጋሽ ተሰማ ሰው አክባሪ ነበሩ። ለዚህኛው መቅደስን ምስክር እጠራለሁ።

ጋሽ ተሰማ፣ እንግዲህ ይረፉ። ጥሩምባዎ ሱቃችን ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ነው። አያ ሰይድ አንሱልኝ ማለት ትተዋል፤ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት አቧራውን ይጠርጋሉ። ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ ወስደው ከባሕር ዛፉ ወዲያ ይለማመዳሉ። እስካሁን የሚመጡላቸው ላሞች ብቻ ናቸው፤ አብሽር፣ ይለምዱታል እንላለን። ለአርባዎ እትዬ ደብሪቱ ሙክት ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ሴቶች ከሥዕሉ ሥር አብረው ሊቆሙ ተቀጣጥረዋል።

ልጆቹ ዛሬም በሱቁ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው «ማን ሞተ?» ይላሉ። ልማድ ሆኖባቸው ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ጮክ ብዬ መናገር አይሆንልኝም። ነገ ይህን ወረቀት አድላቸዋለሁና ያነቡታል።

እንዳዘዙኝ ሁለቱንም ጠይቄያለሁ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጻፍኩም። አንድ ነገር ብቻ ትቻለሁ፤ በዚያ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አያ ሰይድም ሳይኖሩ የነገሩኝን። ማን ይጎዳበታል ብዬ አሰብኩ፤ የሚጎዳበት የለም። እንዲያውም ሰው ቢሰማው ይበልጥ ይወድዎት ነበር። ግን ከመናገርዎ በፊት ተነስተው በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ተሰማ። እንደዘጉት ነው።